የረዳኢ ዥዋዥዌ

ረዳኢን በሩቁ የሚያውቅ ሰው ኩሩ ነው ይለዋል። ሰላምታው አጭር ነው፣ ሳቁ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲራመድም ግራ እግሩን ትንሽ ወደ ውጭ ስለሚጥል ሰው ንቆ የሚያልፍ ይመስላል። እኔ ግድግዳ ተጋርቼው የምኖር ጎረቤቱ ስለሆንኩ ነገሩ ሌላ መሆኑን አውቃለሁ። ችግሩ ኩራት ቢሆን ኖሮ በሰላም በኖረ ነበር። የረዳኢ ችግር ይሉኝታ ነው፤ ያውም ለአንድ ግቢ ሰው የሚበቃ ይሉኝታ ብቻውን ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

የሻረግ እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ለልማት ሲፈርስ የስፌት መኪናዬን በአይሱዙ ጭኜ ላንቻ፣ አሁን ያለሁበት ግቢ ገባሁ። ያን ዕለት ከግቢው ሰው ሁሉ ቀድሞ የመጣው ረዳኢ ነበር። ያንን የብረት እግር ያለውን መኪና በአንድ ወገን ይዞ፣ ከጫኙ ጋር አውርዶ መስኮቱ ሥር አስቀመጠልኝ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ አይቼ ውሃ ስሰጠው "ምንም አይደል፣ እትዬ" አለኝ። ዳሌው ውስጥ ብረት እንዳለና ከባድ ነገር እንዳያነሳ ሐኪም እንዳስጠነቀቀው የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ስሰማ ተቆጣሁት። አዲስ ጎረቤት በር ላይ ቆማ ስትቸገር እያየ እንዴት ዝም ይላል፤ መልሱ ይኸው ነበር።

ሥራው እዚሁ ሰፈር ባለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ሻጭነት ነው። ብሎን፣ ማጠፊያ፣ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ ሲሸጥ ይውላል። ከዚያ በፊት ግን ብስክሌተኛ ነበር። ተወልዶ ያደገው መቀሌ ነው፤ እዚያ ልጅ ሁሉ እግሩ ፔዳል ከደረሰ ይጋልባል ይላል። አዲስ አበባ ያመጣው አንድ ክለብ ነው።

የብስክሌት ውድድር ሲባል ሁሉም ለማሸነፍ የሚጋልብ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ እንዳልሆነ ያስረዳኝ እሱ ነው። ከአንድ ቡድን አንዱ እንዲያሸንፍ ሌሎቹ ፊት ፊቱ እየሄዱ ንፋስ ይከላከሉለታል፣ ውሃ ያቀብሉታል። ረዳኢ ንፋስ ከሚከላከሉት ነበር፤ የሚያሸንፈው ደግሞ ታዲዎስ የሚባል የካዛንቺስ ልጅ ነው። አንዴ ከደብረ ዘይት መልስ የታዲዎስ ጎማ ቢፈነዳ ረዳኢ የራሱን ፈትቶ ሰጥቶት፣ እሱ አስፋልት ዳር ቆሞ ቀርቷል። ታዲዎስ ያን ቀን አሸነፈ፣ ፎቶው ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ስሙ ታወቀ። ረዳኢ ይህን ሲያወራ ዋንጫውን የወሰደው እሱ ይመስል ፊቱ ይበራል። እኔ ብሆን ቢያንስ ጎማዬን መልስ እለው ነበር አልኩት፤ ሳቀ።

ታዲዎስም ውለታውን የረሳ አይመስልም ነበር። የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳለት ረዳኢ ነው። ከዚያ ወዲህ ስማቸውን ትተው "አበልጄ" ነው የሚባባሉት። በዓል በመጣ ቁጥር ታዲዎስ ግቢያችን እየመጣ አንገቱን አቅፎ ሲስመው፣ የእናት ልጅም እንዲህ አይዋደድ እል ነበር።

ረዳኢ ከክለብ ከወጣ በኋላም ብስክሌቱን አልተወም። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቱ በፊት በስታዲየም አድርጎ በቄራ ዞሮ፣ ላብ አጥምቆት ይመለስ ነበር። አንድ ጠዋት ጥግ ይዞ የቆመ ሚኒባስ ሹፌር ኋላውን ሳያይ በሩን ከፈተው። ረዳኢ በሩ ላይ ተላትሞ በግራ ዳሌው አስፋልት ላይ ወደቀ። ዳሌው ተሰበረ፣ ብረት ገባለት፣ ረጅም ጊዜ በክራንች ሄደ። ሐኪሞቹ መንገድ ላይ መጋለብ እርም ይሁንብህ፣ ይህ አጥንት ሌላ መውደቅ አይችልም አሉት። ቤት ውስጥ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚጋለብ ከሆነ ግን ለእግርህ ጥሩ ነው ብለው ትንሽ ተስፋ ተዉለት። የሚያበሽቀኝ ነገር ቢኖር፣ ከተማው በየሰፊው መንገድ ዳር የብስክሌት መስመር ያሠራው እሱ መንገድ ከተከለከለ በኋላ መሆኑ ነው።

ሰውየው ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፣ አይጠጣም፣ ኳስ እንኳ አያይም። ያለው አንድ ፍቅር ብስክሌት ነበር። እንደገና ኮርቻ ላይ ተቀምጦ እስኪደክመው መርገጥ፤ ከዓለም ሌላ የጠየቀው ነገር አልነበረም።

ትሬነር የሚሉትን ዕቃ ያመጣለት ታዲዎስ ነው። ብስክሌቱን ከኋላ በኩል ነክሶ መሬት ላይ የሚያቆም ብረት ነው፤ ሰው ሲረግጥ ጎማው እዚያው ይሽከረከራል፣ ብስክሌቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ከውጭ የመጣ ነው፣ እዚህ ገበያ ተወጥቶ የሚገኝ ዓይነት አይደለም። ታዲዎስ እቤቱ ተቀምጦ አቧራ ከሚጠጣ፣ አበልጄ ይገልገልበት ብሎ በራሱ መኪና አምጥቶ አስገባለት። ያን ቀን መርቄዋለሁ። ምርቃቴን የት ሄጄ እንደማስመልሰው ዛሬም አላውቅም።

ነገር ግን ረዳኢ ትሬነሩ ላይ ብዙ መቆየት አልቻለም። ትንሽ እንደረገጠ በግድግዳው በኩል ሲያቃስት እሰማው ነበር። ምክንያቱን ስጠይቀው መሬት ላይ በጣቱ እየሳለ አስረዳኝ። ብስክሌት መንገድ ላይ ሲሆን፣ ሰው በቀኝ ሲረግጥ ወደ ግራ፣ በግራ ሲረግጥ ወደ ቀኝ ትንሽ ትንሽ ዘንበል ትላለች። ትሬነሩ ግጥም አድርጎ ሲይዛት ግን እሷ መዘንበል ትተዋለች፣ በእሷ ፈንታ የሚጠማዘዘው የሰውየው ዳሌ ይሆናል። ጤነኛ ሰው ወገቡን ቢቆረጥመው ነው፤ ብረት ያለበት ዳሌ ግን ቢላ እንደገባበት ነው።

መላው፣ ትሬነሩ ራሱ የሚወዛወዝ ነገር ላይ እንዲቆም ማድረግ ነበር። ውጭ አገር ሰዎች እቤታቸው ሲሠሩት ስልኩ ላይ አይቷል። የእነሱ ዕቃ ግን እዚህ የለም፣ ያለውን ይዞ መጀመር ነበረበት። ከመደብሩ ጠርዙ የተጎዳ ወፍራም ኮምፔርሳቶ አምጥቶ ሁለት ሰፋፊ ጣውላ አወጣ። አንዱ መሬት ላይ ይተኛል፤ ሌላው ከላዩ ይሆናል፤ በመካከላቸው ከፊት ወደ ኋላ አንድ የውሃ ቧንቧ ብረት፣ ጫፍና ጫፉ በኩሽኔታ ተይዞ ያልፋል። የላይኛው ጣውላ በዚያ ብረት ላይ ሆኖ ግራና ቀኝ ይላል። ይህ ቀላሉ ነው፤ አስቸጋሪው ዘንበል ያለውን ጣውላ በለስላሳው ገፍቶ ወደ ቦታው የሚመልስ ነገር ማግኘት ነበር።

መጀመሪያ ከእኔ የትራስ ስፖንጅ ቁራጭ ወሰደ። ስፖንጁ ተጨፍልቆ ቀረ፣ ጣውላውም በአንድ ጎኑ እንደተኛ አልነሳም አለ። ቀጥሎ የመኪና ካላማዳሪያ ቆራርጦ፣ አፉን አጣብቆ፣ በትንሹ ነፍቶ በግራና በቀኝ አስገባ። ያን ዕለት የሆነ ነገር ሲንኮታኮት ሰምቼ ስሮጥ፣ ካላማዳሪያው ሾልኮ ወጥቶ ረዳኢ ከነብስክሌቱ ቁም ሳጥኑ ላይ ተደግፎ አገኘሁት። እግሩ ፔዳሉ ላይ እንደታሰረ ይስቃል። እኔ ደግሞ ያ አጥንት ዳግም ተሰበረ ብዬ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ጣውላው ከመጠን በላይ እንዳያዘነብል በግራ በቀኝ የእንጨት ማቆሚያ ካላደረገ ሁለተኛ እንዳይወጣ አስምዬዋለሁ።

በመጨረሻ ስታዲየም አካባቢ የስፖርት ዕቃ ከሚነግዱ ሰዎች ያረጁ የቴኒስ ኳሶች ይዞ መጣ። ኳሶቹ ደህና ይገፋሉ፤ ችግሩ ጣውላው በተወዛወዘ ቁጥር እየተንከባለሉ ይወጣሉ። እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁበት። ከወፍራም ሸራ እያንዳንዱ ኳስ ተወትፎ የሚቀመጥበት ኪስ ሰፋሁለት። ነጭ ክር አልቆብኝ ስለነበር በሰማያዊ ክር ነው የሰፋሁት። ኪሱን በምስማር አሰረው፣ ኳሶቹን ወደ መሐል ሲያስጠጋ ጣውላው ይላላል፣ ወደ ዳር ሲያወጣ ይጠነክራል፤ እያስጠጋ እያወጣ የዳሌውን ልክ አገኘ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሩን ከፍቶ እየጋለበ ደረስኩ። ጣውላው በቀስታ ግራና ቀኝ ይላል፣ ብስክሌቱ አብሮት ይላል፣ ሰውየው ደግሞ ወገቡ ቀጥ ብሎ ዝም ብሎ ይረግጣል። የግቢው ሰው ተሰበሰበ። አንዷ ብስክሌቱ እስክስታ ወረደ አለች፣ ሌላው ለልጆቻችን ዥዋዥዌ ተሠራ አለ፤ ስሙም በዚያው ዥዋዥዌ ሆኖ ቀረ። ረዳኢ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ "እትዬ የሻረግ፣ መስኮቱን ይክፈቱልኝ፣ ንፋስ ይግባ" አለኝ። ከፈትኩለት። ያን ያህል የተደሰተ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ የስፌት መኪናዬን ድምፅ የሚቀድመው የእሱ ጎማ ድምፅ ሆነ። ማቃሰቱ ቀረ። እግሩን መወርወሩ እንኳ እየቀነሰ፣ መደብሩ ውስጥ ቆሞ ሲውል እንደ ድሮው መደገፊያ መፈለግ ትቶ ነበር። ሐኪሙም የግራ ጭኑ ጡንቻ እየተመለሰ ነው፣ የምትሠራውን እንዳታቆም ብሎታል።

ታዲዎስ በበዓል መጥቶ ዥዋዥዌውን አየ። ወጥቶ ሞከረው፣ ከዚያ አልወርድም አለ። ሲወርድ ጣውላውን ገልብጦ ሥሩን አየ፣ ኩሽኔታውን ነካካ፣ ኳሶቹን ተጫነ። በዚያ ሰሞን ካዛንቺስ አዲስ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ አንዲት ባለሀብት ሴት ትልቅ የስፖርት ቤት ልትከፍት ነበር፤ እሱን የብስክሌት አሰልጣኝ አድርጋ ልትቀጥረው ተነጋግረዋል። ብዙም ሳይቆይ ሴትዮዋን ይዞ ግቢያችን መጣ።

እኔ በሬ ላይ ቀሚስ እየዘመዘምኩ ነበርና ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። ሴትዮዋ ደርባባ ናት፣ ሥርዓት አላት። ዞራ ዞራ አየችና ይህን የመሰለ ነገር ማን ሠራው ብላ ጠየቀች። ታዲዎስ ረዳኢ አጠገቡ ቆሞ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "እኔ ነኝ የሠራሁት። አበልጄ እንጨቱን በመቁረጥ አግዞኛል" አላት።

መርፌዬ እጄ ላይ ቀረ። ረዳኢን አየሁት። አፉን ይከፍታል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ኮርቻው ላይ የሌለውን አቧራ በመዳፉ ጠረገ፣ ከዚያ "ለስላሳ ላምጣላችሁ" ብሎ ወጣ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። እሱ ግን ረጋ ብሎ ነው የመለሰልኝ። እንግዳ ፊት ሰው አይዋረድም፣ ሴትዮዋ ሥራ ልትሰጠው ነው የመጣችው፣ እኔ ተነስቼ ውሸት ነው ብል የአበልጄን እንጀራ ዘጋሁ ማለት ነው አለኝ። ለብቻቸው ሲሆኑ ታዲዎስ ራሱ አፍሮ ያነሳዋል ብሎ እርግጠኛ ነበር። ታዲዎስ ግን ለብቻቸው የሚሆኑበት ጊዜ አልሰጠውም።

ሳምንት ሳይሞላ በፒክአፕ መጥቶ ዥዋዥዌውን ከነትሬነሩ ጫነው። አናጢዎች ልኩን አይተው ተመሳሳዩን እንዲሠሩ ነው፣ ለፋሲካ ይመለሳል አለ። ጣውላው የረዳኢ ቢሆንም ትሬነሩ የታዲዎስ ነው፤ ሰው የራሱን ዕቃ ሲወስድ ምን ይባላል? ረዳኢ በዚያ ዳሌው አብሮ ተሸክሞ ጫነለት። ቢያንስ አንድ ወረቀት ይጻፍ አልኩ፤ በአበልጅ መካከል ወረቀት ያስፈልጋል እንዴ ብሎ እኔኑ አሳፈረኝ።

ፋሲካ አለፈ። ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። ስልክ ሲደወል መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ነኝ ነበር፣ በኋላ መልስ የለም ሆነ። ክረምቱ ሲገባ ብርዱ ዳሌው ውስጥ ያለውን ብረት ስለሚያገኘው ረዳኢ እግሩን እንደገና መወርወር ጀመረ። ብስክሌቷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ሌላ ጣውላ ለምን አትሠራም እለው ነበር፤ ጣውላውንማ ይሠራል፣ ትሬነር ከየት ያመጣል?

አንድ ቀን ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛዬ ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች ሳለ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ታዲዎስ ነው። ቄንጠኛ የስፖርት ልብስ ለብሶ፣ አንድ ዥዋዥዌ ላይ ክንዱን አስደግፎ ለሕዝብ ይናገራል። የዥዋዥዌውን ስም "ታዲ ሞሽን" ብሎታል። ስሙስ ይሁን። ሰውየው ስለራሱ የሚያወራውን ስሰማ ጆሮዬን አላመንኩም። ጠዋት ልምምድ ላይ ሳለ የሚኒባስ በር ተከፍቶበት፣ ግራ ዳሌው ተሰብሮ፣ ብረት ገብቶለት፣ ሐኪሞች ብስክሌት እርም ነው ብለውት፣ እሱ ግን እጅ ሳይሰጥ በራሱ እጅ ይህን ፈጥሮ እንደገና ኮርቻ ላይ እንደወጣ ይተርካል። ድምፁ ሳይቀር ይሰባበራል። ከሥሩ ሰዎች ጀግና እያሉ ጽፈውለታል። ደንበኛዬን ቪዲዮውን ወደ ስልኬ ላኪልኝ አልኳት።

ለረዳኢ ላሳየው ወይስ ልተወው ብዬ ስብሰለሰል ዋልኩ። በመጨረሻ አሳየሁት። ቆሞ አየው፣ ተቀምጦ ድገሙልኝ አለ። ሲያልቅ ስልኩን መለሰልኝ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ የእኔ ዳሌ ነው" አለ። "ጣውላውንስ ይውሰድ። ዳሌዬን ምን ያደርግለታል?"

በማግስቱ እኔው ጎትቼ ካዛንቺስ ወሰድኩት። ድሮ ቤታችን የነበረበትን አካባቢ አልፈን፣ መስታወት ብቻ የሆነ ሕንፃ ደረስን። ዥዋዥዌዎቹ በመስታወቱ በኩል በረድፍ ተደርድረው ይታያሉ፣ ሰዎች ከላያቸው ሆነው እየተወዛወዙ ይጋልባሉ። ፊት ለፊት ያለው የእኛው ነው፤ ሰማያዊ ስፌቴን ከውጭ ሆኜ አወቅሁት። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ አባል ያልሆነ አይገባም አለችን። ረዳኢ አላስቸገራትም፣ ታዲዎስን ጥሩልን ብቻ አላት።

ታዲዎስ እኛን ሲያይ ቶሎ ብሎ ወደ ደረጃው ይዞን ወጣ። ረዳኢ አልጮኸም፤ ምነው አበልጄ፣ ብሎ ብቻ ጠየቀው። ታዲዎስ ትንሽ ተቅለሰለሰና ከዚያ ተናደደ። የበደለ ሰው ሲጠየቅ የሚናደደው ነገር እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

"ስማኝ፣ ማለቴ፣ ሴትዮዋ የምትፈልገው ስም ያለው ሰው ነው" አለው። "በቃ፣ ይሄ ቢዝነስ ነው። አንተ ብትናገረው ማን ይሰማሃል? ማን ያውቅሃል? እኔ ስናገረው ነው ታሪክ የሚሆነው። ዞሮ ዞሮ የእኛው አይደል?"

እኔ መሐል ገብቼ የሚገባውን ነገርኩት። "እማማ፣ አይመለከትዎትም" አለኝ። በዕድሜ ቢበልጠኝ እንጂ አያንሰኝም። ረዳኢ ክንዴን ይዞ ወደ ታች አወረደኝ። ቂርቆስ ስንደርስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ አማተበ፣ ከዚያ መንገዳችንን ቀጠልን።

ያን ቀን በቪዲዮው ሥር እውነቱን እንጽፋለን ብዬ ወሰንኩ። ሐኪሙ ምስክር ነው፣ መደብሩ ምስክር ነው፣ ግቢው ሁሉ ምስክር ነው። ረዳኢም እስቲ ላስብበት ብሎ ነበር፤ ለእሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታዲዎስ ይህን ሳይጠረጥር አልቀረም፤ ሳምንቱን ሳያሳልፍ ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ትልቁ ጋሽ ካሳይ ናቸው፤ ሁለቱንም ክለብ ውስጥ ያሰለጠኑ፣ ረዳኢን ከመቀሌ መርጠው ያመጡት ሰው። ታዲዎስ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ረዳኢ ወንበር ቢያቀርብ አልቀመጥ አሉ። ጋሽ ካሳይ፣ "እሺ ካላልከን አንቀመጥም፣ እንደቆምን እንመለሳለን" አሉት።

ወጉ ይህ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እኚያ ሽማግሌ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ሲቆሙ፣ ረዳኢ ምን ሊል እንደሚችል ፊቱን አይቼ አወቅሁ። ነገሩን ሳትሰማ እሺ እንዳትል ብዬ ከበሩ ተናገርኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዞሮ ገላመጠኝ። ረዳኢ መሬት መሬቱን እያየ "እሺ፣ ይቀመጡ ጋሽ ካሳይ" አለ፤ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ፍርድ አልነበረም። ጋሽ ካሳይ ሴትዮዋ መጥታ ስትጠይቅ አብረህ ነበርክ ወይ አሉት፤ ነበርኩ አለ። ሲናገር ሰምተሃል ወይ፤ ሰምቻለሁ። ምን አልክ፤ ለስላሳ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ያኔ ፊት ለፊት ያላነሳኸውን ዛሬ በአደባባይ ብታነሳ አበልጅህን ከሰው በታች ማድረግህ ነው፣ ልጆች አሉት፣ አንደኛውም ያንተው የክርስትና ልጅ ነው ተባለ። ስለሱ ዳሌ ያነሳ የለም። ውሳኔው ዥዋዥዌው እዚያው ይሁን፣ ረዳኢ በፈለገው ጠዋት እየሄደ ያለ ክፍያ ይጋልብ፣ ይህ ነገር ግን ከዛሬ በኋላ ከአፉ እንዳይወጣ የሚል ሆነ። የገዛ ጣውላው በችሮታ ተሰጠው ማለት ነው። ታዲዎስ ተነስቶ "አስቀይሜህ ከሆነ ይቅር በለኝ" አለ። ከሆነ አለ! ተቃቀፉ። እኔ ውሃ እንኳ አላቀረብኩም፤ ያቀረበው ረዳኢ ነው።

ተናድጄበት ብዙ ቀን አላናገርኩትም። እሱም አልሄደም፤ እዚያ ከምሄድ እግሬ ይድረቅ ያለ ይመስል ነበር። ግን እግሩ እውነትም እየደረቀ መጣ። ደረጃ ሲወጣ በእጁ ጭኑን ማንሳት ጀመረ፣ መደብሩ ውስጥ ወንበር አስቀመጡለት። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የስፖርት ልብሱን በፌስታል ይዞ ሲወጣ አየሁት፤ ወዴት ነው አላልኩትም።

ሲመለስ ቀጥታ ወደ እኔ መጣና በሬ ላይ ባለችው ዱካ ተቀመጠ። የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ሳልጠይቀው ይነግረኝ ጀመር። ከተደረደሩት መካከል የራሱን ፈልጎ አገኘው፣ ወጣበት፣ ዥዋዥዌው ልክ እንደ ድሮው ተቀበለው። ምንም አላመመውም። ለጥቂት ጊዜ የት እንዳለ ረስቶ ረገጠ። ከዚያ ታዲዎስ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ መጣና፣ ለሚጋልቡት ሰዎች ይህ አበልጄ ነው፣ ያኔ ተሰብሬ ስተኛ ከአጠገቤ ያልተለየ ብሎ አስተዋወቀው። አጨበጨቡለት። አጠገቡ የምትጋልብ ወጣት ወደ እሱ ዞራ፣ አሰልጣኙ እውነት እስከዚያ ድረስ ተጎድቶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። ሁሉም መርገጡን ትቶ መልሱን ይጠብቃል። ታዲዎስም ዓይኑን ሳይነቅል ያየዋል።

"አንተስ ምን አልካት?" አልኩት።

"ሰው ፊት ነው፣ እትዬ። ለሽማግሌም ቃል ሰጥቻለሁ" አለ። የቀረውን የተናገረው ወደ መሬት እያየ ነው። "አዎ አልኳት። ግራ ዳሌው ነበር፣ ሌሊት ሌሊት ያስለቅሰው ነበር አልኳት።"